የሐዋሳ መንገድና የአሮጌዪቱ መኪናችን ቴፕ

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ጥቁር ውኃን በተሻገረ ጊዜ፣ የሐዋሳ ከተማ ከነሐይቋ ትቀበለዋለች። ይህን መንገድ ከልጅነቴ ጀምሮ ብዙ ጊዜ ሄጄበታለሁ። ባለፈው ዐቢይ ጾም ያደረግነው ጕዞ ግን ከሌሎቹ የተለየ ስለ ነበረ፣ ለመጽሔታችን አንባብያን ልጽፈው ወደድሁ። የጕዞው ምክንያት ሁለት ነበረ። አንደኛው፣ ዕድሜያቸው ሰማንያ ሦስት ዓመት የሆነው እናቴ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የምትኖረውን እኅቴን ለማየት መመኘታቸው ነው። ሁለተኛው ሲነገር የሚያሥቅ ይመስላል፤ በአሮጌዪቱ መኪናችን ቴፕ የአባቴን በገና እንደ ገና ለመስማት ነው።

አባቴ በሞያቸው ቀያሽ ነበሩ። ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. ገደማ ከተቈረቈረች በኋላ፣ የቤት ቦታዋ ሲለካ ሜትርና ካስማ ይዘው ከወረዱት ወጣቶች አንዱ እርሳቸው ነበሩ። ቀን በፀሐይ ሲለኩ ይውሉና ማታ በገና ይደረድሩ ነበር። በገና የጭፈራ መሣሪያ አይደለም፤ አንባቢ እንደሚያውቀው፣ ይልቁንም በጾም ወራት በየቤቱ የሚሰማ የጸሎትና የተመስጦ መሣሪያ ነው። ዐሥር አውታር አለው፤ አውታሩም በጥንቱ ልማድ ከበግ አንጀት የሚፈተል ነው። በገናን በገና የሚያሰኘው ግን እንዝራ የተባለው ትንሽ ነገር ነው። እያንዳንዱ አውታር በድልድዩ ላይ በሚያርፍበት ሥፍራ ከሥሩ ቍራጭ ቆዳ ይገባለታል፤ አውታሩ በተመታ ጊዜ ከቆዳውና ከድልድዩ ጋር እየተነካካ፣ ንብ በቀፎ ውስጥ የምታሰማውን የመሰለ ንዝረት ይሰጣል። እንዝራው በትክክል ካልተበጀ በገናው ድምፅ ይሰጣል እንጂ አይናገርም። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በ1978 ዓ.ም. በጾም ወራት አንድ ማታ፣ እኅቴ በቤታችን የነበረውን ትልቅ ቴፕ ከወንበር ላይ አስቀምጣ አባቴን ቀረጸቻቸው። ካሴቱ ስድሳ ደቂቃ የሚይዝ ነበረ። ከዚያም ወዲህ አባቴ ያገለገለች ቶዮታ ኮሮላ ገዙ፤ ሕዝባችን ዲኤክስ እያለ የሚጠራት ናት። ወደ ሐዋሳ በወረድን ቍጥር ያን ካሴት ከቴፑ ውስጥ ያገቡና፣ እርሳቸው እየነዱ እናቴም ከጎናቸው ተቀምጠው፣ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ የራሳቸውን በገና ይሰሙ ነበር። እኔ ከኋላ ተቀምጬ፣ ሰው የራሱን በገና እየሰማ እንዴት አይሰለቸውም እያልሁ እገረም ነበር። አባቴ በ1983 ዓ.ም. ዐረፉ። መኪናዪቱ ግን እስከ ዛሬ አለች።

ይህን ያህል ዘመን አንዲት መኪና ይዞ መኖር በሌላ አገር እንደ ንፍገት ሊቈጠር ይችላል፤ በእኛ አገር ግን የተለመደ ነው። መኪና በቀረጥና በታክስ ብዛት ውድ ሆኖ የኖረ ዕቃ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና በሚያስመጣ ሰው ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ የአርባ ዓመት ኮሮላ ያለው ሰው ይጠግናታል እንጂ አይጥላትም። ለሞተሯም ሆነ ለፍሬኗ መካኒክ በየከተማው አለ። ያልተመቸው ቴፑ ነው። መኪናዪቱ የካሴት ዘመን ሰው ናት፤ መዝሙሩና ስብከቱ፣ የበገናውም ድምፅ፣ ዛሬ በስልክ ውስጥ ነው የሚኖረው።

ካሴትና ሐዋሳ እኩዮች ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የሆላንዱ ፊሊፕስ ኩባንያ ካሴትን በበርሊን ለሕዝብ ያሳየው በ1955 ዓ.ም. ነው፤ ጥቂት ዓመታት ቈይቶም ቴፕ ወደ መኪና ገባ። ወርዱ አራት ሚሊ ሜትር የማይሞላ ክር፣ በሰኮንድ አምስት ሴንቲ ሜትር እንኳ ሳይሄድ፣ የሰውን ድምፅ ተሸክሞ የዓለምን ዳርቻ አዳረሰ። በአገራችንም ኤሌክትሪክ ባልገባበት ገጠር ሳይቀር፣ በባትሪ ድንጋይ በሚሠራ ቴፕ መዝሙርና ስብከት እንዲሰማ ያደረገ ይኸው ካሴት ነው።

ዲጂታል የሚባለው ደግሞ ድምፅን በቍጥር መጻፍ ነው። በ1975 ዓ.ም. ለገበያ የቀረበው ሲዲ የድምፁን መጠን በሰኮንድ 44,100 ጊዜ እየለካ ይመዘግባል። ይህ ነገር ለቀያሽ ልጅ አይከብደውም። አባቴ አንድን ተዳፋት በየሜትሩ እየለኩ በወረቀት ላይ ያስቀምጡት ነበር፤ ልኬቱ የተቀራረበ እንደ ሆነ፣ ያን ሥፍራ ያላየ ሰው ከወረቀቱ ላይ ተዳፋቱን ሊያገኘው ይችላል። ኤም ፒ ስሪ የተባለው ዘዴ በጀርመን ሊቃውንት ትጋት የዳበረና በ1987 ዓ.ም. በዚህ ስሙ የተጠራ ሲሆን፣ የሰው ጆሮ አይለየውም ተብሎ የሚገመተውን እየተወ የቍጥሩን ብዛት ያሳንሳል። በአንዲት የጥፍር ታህል ሜሞሪ የአንድ ቤት ካሴት ሁሉ የሚከተተው በዚህ ምክንያት ነው።

የአባቴን ካሴት ወደ ኮምፒዩተር የገለበጠው የመጨረሻው ልጄ ነው። እኅቴ ካሴቱን ልካልን ነበረ፤ ተገልብጦ ሲያበቃ መልሰን ላክንላት። ልጄ፣ «አባዬ፣ ጫጫታውን በፕሮግራም አጠራሁት፤ መጨረሻው ላይ ያለውንም ባዶ ቦታ ቈረጥሁት» አለኝ። በስልኬ አስገብቼ በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነበረ። ልጄንም አመሰገንሁት።

ቀጥሎ የነበረው ጥያቄ፣ በስልኩ ያለው ድምፅ ወደ መኪናዪቱ እንዴት ይግባ የሚል ነበረ። ከመርካቶ አውራ ጣት የምታህል ዕቃ ገዛሁ። ይህች ዕቃ በሲጋራ መለኮሻው ሥፍራ ትሰካለች፤ ከስልኩ ድምፁን በብሉቱዝ ተቀብላ በኤፍ ኤም ሞገድ ታሰራጨዋለች፤ የመኪናዪቱም ሬዲዮ እንደ ማንኛውም ጣቢያ አድርጎ ይቀበላታል። (ብሉቱዝ ማለት በዐሥረኛው ምዕት ዓመት የነበረ የዴንማርክ ንጉሥ ቅጽል ስም ነው፤ ሐራልድ ሰማያዊ ጥርስ ይሉት ነበር። ሊቃውንቱ ስሙን ለሽቦ አልባው መገናኛ የሰጡት ንጉሡ የተለያዩ ወገኖችን አንድ አድርጓል ስለሚባል ነው።) በአጭር ቃል፣ በመኪናችን ውስጥ የአንድ ቤተ ሰብ ማሠራጫ ጣቢያ አቋቋምሁ ማለት ነው። ነገር ግን በአዲስ አበባ 97.1፣ 98.1፣ 102.1 እና ሌሎችም ቍጥሮች ባለቤት አላቸው። ማንም ያልያዘው ባዶ ሥፍራ እስካገኝ ድረስ የሬዲዮኑን ቍልፍ ወዲያና ወዲህ ሳዞር ቈየሁ።

ከጧቱ በዐሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣን። ቢሾፍቱን አልፈን ከሞጆ ወደ ቀኝ ታጥፈን፣ ለመኪናዪቱ ዕድሜ የሚስማማውን የቀድሞውን መንገድ ያዝን። በቆቃ፣ በ1952 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው ግድብ ያቈረው ውኃ በጧት ፀሐይ ሲያብረቀርቅ፣ አሁን ነው ብዬ በገናውን ከፈትሁት።

እናቴ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ዝም ብለው ሰሙ። ቈይተውም፣ «ይህ የእሳቸው ነው?» አሉኝ።

«አዎን እማዬ፣ የአባባ ነው።»

«ጣታቸው ነው። አመታታቸው ነው። ድምፁ ግን የታመመ ሰው ድምፅ ነው» አሉ።

እኔ ጥፋቱን በትንሿ ዕቃ ላይ ጣልሁ። በእውነትም ከበደል ነጻ አልነበረችም። ነዳጅ በሰጠሁ ቍጥር ከድምጽ ማጉያው ውስጥ ቀጭን ፉጨት አብሮ ይነሣል፤ ስቀንስ ይወርዳል። ይህ የሚሆነው ዕቃዪቱ ኀይል የምትወስደው ከመኪናው መሥመር ስለ ሆነና የዳይናሞው ሞገድ አብሮ ስለሚገባባት ነው። እናቴ በዓለም ጤና አጠገብ፣ «አሁን ደግሞ ትንኝ ገባበት» ብለው አሣቁኝ።

በመቂ የሽንኵርትና የቲማቲም ክምር፣ በዝዋይ ሐይቁንና በሩቅ የሚታዩትን ደሴቶች እያየን አለፍን። ከቡልቡላ በኋላ የግራር ዛፉ ይበዛል፤ በስተግራ ላንጋኖ፣ በስተቀኝ አብያታና ሻላ ይቀራሉ። በዚህ በረሓማ ሥፍራ ሬዲዮኑ ጸጥ ያለ ስለ ነበረ በገናው ደኅና ሆኖ ተሰማ። አርሲ ነገሌን ስናልፍ ግን መንተባተብ ጀመረ። ወደ ሻሸመኔ ስንቃረብ የአባቴ በገና በድንገት ተቋርጦ፣ በምትኩ አንድ ሰው የሳሙና ማስታወቂያ በታላቅ ድምፅ ይናገር ጀመር። ጥቂት መቶ ሜትሮች ሄደን ዳገት ሲጋርደን በገናው ይመለሳል፤ ደግሞ ሳሙናው ይመጣል። የኤፍ ኤም ጠባይ ይህ ነው። ሁለት ማሠራጫዎች በአንድ ቍጥር ላይ የተገናኙ እንደ ሆነ፣ ተቀባዩ ሁለቱን አቀላቅሎ አያሰማም፤ የበረታው ደካማውን ጨርሶ ይውጠዋል። የእኔ ጣቢያ ከመኪናው ወዲያ የማይሻገር ነው፤ የከተማው ጣቢያ ግን ከማማ ላይ ነው የሚናገረው።

እናቴ ሦስተኛ ጊዜ ሳሙናው ሲመጣ፣ «ዝጋው ልጄ» አሉኝ። የቀሩትን ሃያ አምስት ኪሎ ሜትሮች በዝምታ ጨረስን። ለእኔ ያ ዝምታ ከመንገዱ ሁሉ ረዘመብኝ። ሰማንያ ሦስት ዓመት የሞላቸው ሰው ናቸው፤ ይህን ጕዞ ስንት ጊዜ ይደግሙታል?

ሐዋሳን ለማያውቃት ጥቂት ልናገር። ጥቁር ውኃን ተሻግሮ፣ በ2008 ዓ.ም. የተመረቀውን የኢንዱስትሪ ፓርክ አልፎ የገባ ሰው፣ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ቀጥ ባሉ ሰፋፊ ጎዳናዎች የተከፋፈለች ከተማ ያገኛል። ጎዳናዎቹ ቀጥ በማለታቸው የአባቴን እጅ የማየው ይመስለኛል፤ የልጅ አድልዎ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት። ሜዳ በመሆኗ ብስክሌት የሚነዳባት ሰው ብዙ ነው፤ ባጃጁም እንደዚያው። በመካከል የቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በአደባባዩ ላይ ይታያል፤ ከዚያ የተነሣው ዋና ጎዳና በቀጥታ ወርዶ ከሐይቁ ዳር፣ ፍቅር ሐይቅ ከተባለው ሥፍራ ያደርሳል። ታቦር ተራራ ከአጠገብ፣ አላሙራ በደቡብ በኩል ቆመው ይጠብቋታል። ስለ ሐይቁ የሚያስደንቀው ነገር፣ በዐይን የሚታይ መውጫ ሳይኖረው ውኃው አለመጨዉ ነው። አብያታና ሻላ መውጫ አጥተው ጨውና ሶዳ ሲሆኑ፣ ሐዋሳ በምድር ሥር ሰርጎ የሚሄድ ስውር መንገድ አለው ተብሎ ይታመናል።

በማግሥቱ እናቴ ከእኅቴ ጋር ሲጫወቱ እኔ ወደ አሞራ ገደል ሄድሁ። ዓሣ አጥማጆቹ በማለዳ ጀልባቸውን ስበው ቆሮሶውንና አምባዛውን ሲያወርዱ፣ አባ ኮዳዎቹ እንደ ቀለም ቀንድ ሽማግሌዎች ተሰልፈው የዓሣውን አንጀት ይጠባበቃሉ። ቁመታቸው የሕፃን ልጅ ያህላል፤ ፍርሃትም የላቸውም። ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ላይ ሆነው ይመለከታሉ። ጾም ስለ ነበረ እኔም ከጉሬዛዎቹ ጋር ተመልካች ብቻ ሆንሁ።

ስመለስ የተሳፈርሁበት ባጃጅ ከወንበሩ ሥር ባስቀመጠው ድምፅ ማጉያ መዝሙር ያሰማ ነበር፤ ዳይናሞውም አያፏጭም። ነጂውን ምን አድርጎ እንደ ሆነ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ እኔ አይደለሁም፤ መናኸሪያ አጠገብ አንድ ልጅ አለ፤ እርሱ ነው የሚሠራልን» ብሎ ወሰደኝ።

የጠጋኙ ሱቅ የአንድ አልጋ ያህል ስፋት ቢኖራት ነው። በግድግዳው ላይ አንጀታቸው የወጣ ቴፖች ተሰቅለዋል። ከሰዓት በኋላ እናቴን ጭምር ይዤ መኪናዪቱን አመጣሁለት። ወጣቱ አጐንብሶ እናቴን ከተሳለመ በኋላ ቴፑን አየና፣ «ይህን ነቅለን ባለ ስክሪን የቻይና እንትከልልዎት፤ ብሉቱዝ አለው፣ ፍላሽ ይወስዳል፣ ስልክም ያናግራሉ» አለኝ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህን ነው፤ ክፉም አይደለም። እናቴ ግን በመስኮቱ በኩል፣ «አንተ ልጅ፣ እሳቸው ጣታቸውን ያሳረፉበትን ነገር ልትነቅል ነው?» አሉት። ልጁ መፍቻውን አስቀመጠ።

ሁለተኛው ሐሳቡ ቴፑን ከፍቶ፣ ከሄዱ የሚመጣው ድምፅ ወደ ማጉያው በሚገባበት ሥፍራ ሽቦ በጥሶ የስልክ መሰኪያ መበየድ ነበረ። ከሁሉ የጠራ ድምፅ የሚሰጥ ይህ መንገድ እንደ ሆነ አስረዳኝ። ነገር ግን ብየዳው የተሳሳተ እንደ ሆነ ቴፑ ዳግመኛ ካሴት ላያጫውት ይችላል። ይህንንም ተውነው። በመጨረሻ ከመሳቢያው ውስጥ የካሴት ቅርጽ ያለው፣ ከጎኑ ቀጭን ሽቦ የወጣለት ዕቃ አወጣ። አሠራሩ ብልህነት የተሞላበት ነው። የቴፑ ሄድ የሚያነበው ክሩ ላይ ያለውን የመግነጢስ ለውጥ ነው። በዚህ ሐሰተኛ ካሴት ውስጥ ግን ክር የለም፤ በክሩ ፋንታ ሌላ ትንሽ ሄድ ተቀምጦ፣ ከስልኩ የመጣውን ድምፅ ወደ መግነጢስ ለውጦ ከባለቤቱ ሄድ ፊት ለፊት ያሰማዋል። ቴፑም ካሴት ያነበበ ይመስለዋል። ሞገድ የለም፤ የሳሙና ማስታወቂያም አይገባበትም። ስልኩም ኀይሉን ከራሱ ባትሪ ስለሚያገኝ ዳይናሞው አያፏጭበትም። አዳዲሶቹ ስልኮች የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ስለሌላቸው መለወጫ ይሻሉ፤ የእኔ ስልክ አሮጌ በመሆኑ ተጠቀምሁ።

ልጁ አስቀድሞ ሄዱን በጥጥና በአልኮል ጠረገው፤ ጥጡ እንደ ቡና አተላ ጠቈረ። በውስጥ ያለችውን ቀጭን ላስቲክም ቀልጣ አገኛትና ለወጣት። «የስልኩን ድምፅ ከሙሉው ትንሽ አሳንሰው ይያዙት፤ የቀረውን በመኪናው ይጨምሩ፤ አለዚያ ይሰነጠቃል» ብሎ መከረኝ። በገናውን ከፈትነው። ፉጨት የለም፣ መንተባተብም የለም። እኔ ደስታዬን ልገልጽ አፌን ስከፍት እናቴን አየኋቸው።

«እንዝራው የት ሄደ?» አሉ።

ወጣቱ ጆሮውን ከበሩ ድምፅ ማጉያ ላይ አስጠግቶ ጥቂት ሰማና፣ «ጋሼ፣ ይህን ድምፅ ማን አጠራው?» አለኝ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ጫጫታ የሚያጠራው ፕሮግራም ያለማቋረጥ የሚነዝረውን ድምፅ ሁሉ ከክሩ ሹክሹክታ ጋር አንድ አድርጎ ይቈጥረዋል። የበገና እንዝራ ደግሞ ሥራው መንዘር ነው። እንግዲህ ኮምፒዩተሩ የአባቴን በገና ሲያጠራ እንዝራውን እንደ ቈሻሻ ጠርጎ ጥሎታል። ለቀረው ለስላሳ ድምፅ እኔ «የጠራ» አልሁት፤ እናቴ «የታመመ» አሉት።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። የመኪና በር ድምፅ ማጉያ ትንሽ ስለ ሆነ የበገናን ወፍራም ድምፅ ከመሠረቱ ሊያወጣው አይችልም። ነገር ግን የእንዝራው ንዝረት በላዩ ብዙ ቀጫጭን ድምፆችን ይዞ ይወጣል፤ ጆሮ እነዚያን ሰምቶ የጐደለውን ወፍራም ድምፅ ከራሱ ይሞላዋል። በቀድሞው ዘመን በዚያች ትንሽ ቴፕ በገናው ሙሉ ሆኖ ይሰማን የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። እንዝራው ሲወገድ ጆሮ የሚይዘው ነገር አጣ። እነሆ፣ ከሞጆ ጀምሮ መኪናዪቱንና ትንሿን ዕቃ ስወቅስ የኖርሁት ግማሹ በከንቱ ነበረ፤ በደሉ የተፈጸመው ከቤቴ ሳንወጣ፣ እኔም መርቄ ነው።

ዋናው ካሴት በእኅቴ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበረ። አምጥተን ወዲያውኑ ከቴፑ ውስጥ እንክተተው ብል፣ ልጁ እጄን ያዘ። የአርባ ዓመት ክር ነው፤ ቴፑ ከጠለፈው ሁለተኛ አይገኝም። ካሴቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየው። ክሩን ከሄድ ጋር የምታስጠጋው ትንሽ ስፖንጅ ረግፋ ነበር። ክሩን ከነጥቅሉ አውጥቶ በሌላ ባዶ የካሴት ቤት ውስጥ አዛወረው። እጁን ሲያንቀሳቅስ ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን ነበር፤ እናቴም ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያም በጠረጴዛው ላይ ያለውን ቴፕ አስቀድሞ በማይረባ ካሴት ሁለት ጊዜ ፈትኖ፣ የአባቴን ካሴት አስገባና ወደ ኮምፒዩተሩ ገለበጠው። «ምንም አላጠራም» አለ። «ሹክሹክታውም ይግባ።» ስድሳው ደቂቃ እስኪያልቅ የመናኸሪያው ጥሩምባ ከውጭ ሲጮህ፣ እኛ በሱቋ ደጃፍ በዱካ ተቀምጠን ጠበቅን። ለድካሙ የጠየቀኝ ዋጋ ሳሳፍረው የሚገባ እንጂ የምከራከርበት አልነበረም፤ ጨምሬ ሰጠሁት። ለልጄም በስልክ ነገርሁት። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «እንዝራ ምንድን ነው አባዬ?» አለኝ። ያላስተማርሁት እኔ ስለ ሆንሁ አልተቈጣሁትም።

ፀሐይ በሐይቁ ማዶ ልትጠልቅ ስትል እናቴን ከፊት አስቀምጬ ወደ ፍቅር ሐይቅ ነዳሁ። እኅቴ ከኋላ ነበረች። መኪናዪቱን ከዛፍ ጥላ ሥር አቁሜ፣ ሐሰተኛውን ካሴት ከቴፑ አስገብቼ፣ አዲሱን ግልባጭ ከስልኩ ከፈትሁት። አስቀድሞ የክሩ ሹክሹክታ ተሰማ፤ ቀጥሎ የመጀመሪያው አውታር መጣ። ነዘረ። የበሩ ሽፋን ሳይቀር አብሮ የነዘረ መሰለኝ። እናቴ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ከጭናቸው ላይ አድርገው፣ ጣታቸውን በቀስታ ያነሡና ይጥሉ ነበር።

በመጨረሻው፣ ልጄ ባዶ ነው ብሎ በቈረጠው ሥፍራ፣ በገናው ሲቀመጥ የእንጨቱ ድምፅ ተሰማ፤ አባቴም፣ «አንቺ፣ ቡናው ደረሰ ወይ?» አሉ። ከሩቅ፣ ከማጀት፣ አንዲት ወጣት ሴት፣ «ደርሷል፤ ይምጡ» ብላ መለሰች።

እናቴ ዐይናቸውን ገለጡ። «ይህች እኔ ነኝ?» አሉ። እኅቴ ከኋላ ሆና፣ «አንቺ ነሽ እማዬ» አለች።

«መልሰው» አሉኝ።

እጄ በልማዱ ወደ ቴፑ የመመለሻ ቍልፍ ሄዶ ተጫነው፤ ሐሰተኛው ካሴት በውስጡ ያለውን ጥርስ ቋ ቋ አደረገ እንጂ የሚመልሰው ክር አልነበረውም። ስልኩን አንሥቼ በጣቴ ወደ ኋላ ሳብሁት።